ግድግዳ ሲያቆሙ የኖሩት የጋሽ ቆይ ሕይወት

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን የተወለዱት ከአንድ የድንጋይ ካባ አጠገብ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አባታቸው ድንጋይ ፈላጭ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ለወላጆቻቸው ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም በመታወቂያቸው ላይ ይገኛል፤ ነገር ግን በዚያ ስም ሲጠሩ ዞር ብለው አያውቁም። በሥራ ቦታም፣ በሰፈርም፣ በቤታቸውም ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው «ጋሽ ቆይ» በሚለው ቅጽል ስም ስለሆነ እኛም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የትልቋ ልጃቸው ባል ነኝ። በሙያዬ የክሬን ኦፕሬተር ስሆን ከእርሳቸው ጋር ለአሥራ ሁለት ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ ራሴ የማነሳው የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ባለቤታቸው ጽሑፉን አንብበው «ፍርሃቱን አትደብቅበት፤ እሱ ያለ ፍርሃቱ እሱ አይደለም» ስላሉኝ አልደበቅሁም።

ጋሽ ቆይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ፣ በተለይም በማዕዘን ልኬት፣ ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ። አባታቸው ካባው ውስጥ ወገባቸውን ተጎድተው ሥራ ሲያቆሙ ግን ትምህርቱን ትተው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ተገጣጣሚ የኮንክሪት ግድግዳ በሚመረትበት ግቢ በቀን ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ይህ ግድግዳ፣ እኛ ፓኔል የምንለው፣ መሬት ላይ ተጋድሞ ተሞልቶ ሲደርቅ በመኪና ተጭኖ ወደ ግንባታው ይወሰዳል፤ እዚያም በክሬን ተነስቶ በቦታው ይቆማል። አንዱ ብቻ ሰባት ስምንት ቶን ይመዝናል። ፓኔሉን ከክሬኑ ሰንሰለት ጋር የሚያያይዘውና በእጅ ምልክት የሚመራው ሰው በሥራ ቦታ አጠራር «አሳሪ» ይባላል።

ሙያውን ያስተማሯቸው አንድ ሽማግሌ አሳሪ ነበሩ። ሽማግሌው ትምህርታቸውን የሚሰጡት በባልዲ ነበር። ሁለት ሰው ውኃ የሞላ ባልዲ ይዘው ተጠጋግተው እንዲሄዱ ያደርጋሉ፤ ቀጥሎ እጃቸውን ዘርግተው ተራርቀው እንዲሄዱ ያዛሉ። ያው ባልዲ ይከብዳቸዋል። «ሰንሰለትም እንዲሁ ነው፤ እግሩን ባንፈራጠጥክበት ቁጥር ይጨነቃል» ይሏቸው ነበር። ፓኔሉ ሲሞላ አብሮት የሚቀበረውን የማንሻ ብረት ዙሪያውን በመዶሻ እያንኳኩ ማዳመጥንም ከእርሳቸው ተማሩ። ድምፁ ጥርት ካለ ኮንክሪቱ ብረቱን ጨብጦታል፤ ታፍኖ ዶፍ ካለ ግን ውስጡ ክፍት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌው ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ የቆመ ግድግዳ አትመን፣ የተደገፈ ግድግዳ እመን።

ጋሽ ቆይ ይህን ትምህርት ሳይሰሙት የቀሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የሕይወታቸውም ታሪክ ከዚያ ቀን ውጪ ሊነገር አይችልም።

ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ አዲስ አሳሪ ሆነው አንድ የዕቃ ማከማቻ ሕንፃ ላይ ይሠሩ ነበር። እኩለ ቀን ሊሆን ሲቃረብ አንድ ፓኔል አቆሙ። ፓኔሉ መንጠቆው ከመፈታቱ በፊት በሁለት የድጋፍ ብረቶች መያዝ ነበረበት። አንዱ ታሰረ። የሁለተኛው ብሎን ከቀዳዳው ጋር አልገጥም አለ። ከሕንፃው ማዶ ክሬኑን የሚጠብቁ ሰዎች ይጮሃሉ፤ ፎርማኑም ሰዓቱን ያያል። ጋሽ ቆይ «አንዱ ይበቃል፣ ፍቱት» አሉ። መንጠቆው ተፈታ፤ ክሬኑም ሄደ።

በዚያ ፓኔል ጥላ ሥር አምስት ሰዎች ምሳቸውን ሊበሉ ተቀመጡ፦ አንድ ለሳኝ፣ ሁለት ፌራዮ የሚባሉ የብረት ሠራተኞች፣ አንድ አናጺና አንድ የመብራት ሠራተኛ። ጋሽ ቆይ አዩአቸው። ተነሱ ሊሏቸው አሰቡና የማን ጥፋት ነው እንዳይባል ዝም አሉ። ሌላ ብሎን ሊፈልጉ ወደ ዕቃ ቤት ሄዱ። ገና በሩ ላይ ሳሉ ንፋስ መጣ፤ ከዚያም መሬቱ ከእግራቸው በታች ሲመታ ተሰማቸው።

ሲመለሱ ከአቧራ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ፓኔሉ በጥላው በኩል ተኝቷል። በጉልበታቸው ተንበርክከው ከጠርዙ ሥር አፈሩን በጣታቸው ይቆፍሩ ጀመር። አንድ የተጨፈለቀ የምሳ ሳሕን አገኙ። የሰው እጅ ይሆናል ያሉት ጓንት ሆኖ ተገኘ። ጮኸው ለመጥራት ሞከሩ፤ ግን የአምስቱንም ስም ረሱት። በኋላ ሲናገሩ «እዚያ ያረጀሁት ምናልባት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ከሕንፃው ጥግ ሳቅ ተሰማ። አምስቱም እየተጨዋወቱ፣ የውኃ ጀሪካን ይዘው፣ ምን ወደቀ እያሉ መጡ። ተነስተው የሄዱት ፓኔሉ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብለው ነበር።

አለቃው ንፋስ ነው ብሎ ጻፈ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ጋሽ ቆይም አልተናገሩም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን «ቆይ» ማለት ጀመሩ። ቆይ፣ ልየው። ቆይ፣ እንደገና ይጥበቅ። ቆይ፣ ያ ሰውዬ ይራቅ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው፤ ልዩነቱ እርሳቸው በልጥ በረዩ ብሎ የሚስቅባቸው ሰው ሁሉ በእርሳቸው ጥንቃቄ እየኖረ መሳቁ ነው።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከዛሬዋ ሐዘንተኛ ባለቤታቸው ጋር ተዋወቁ። በዚያን ጊዜ በልብስ ማጠቢያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ባለቤታቸው ሊያገቡት ያሰቡት ሰው ሥራው ምን እንደሆነ አባታቸው ሲጠይቋቸው «አሳሪ ነው» ብለው መለሱ። አባትየው ፖሊስ መስሏቸው ለሁለት ሳምንት ከቤት ሳይወጡ ሰነበቱ። የሚያስረው ግድግዳ ነው ተብሎ ሲነገራቸው ደግሞ «ግድግዳ ምን አጠፋ?» አሉ ይባላል። ጋሽ ቆይ ይህን ጨዋታ በሰው ፊት ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር።

ከሠርጋቸው በፊት ግን ያን የተደበቀ ነገር ለእጮኛቸው ነገሯቸው። ሳያውቁ እንዳያገቡኝ ብለው ነው። እጮኛቸውም ሲያዳምጡ ቆይተው «ነፍስ ያልጠፋበትን ነገር እንዲህ የተሸከመ ሰው እኔን አይጥለኝም» አሏቸው። በትዳር አርባ ሦስት ዓመት ኖረው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ልጆቻቸው ያደጉት ቁም ሳጥኑ ከግድግዳ ጋር በብሎን በተያዘበት፣ የጋዝ ሲሊንደሩ በሰንሰለት በታሰረበት ቤት ነው። አባታቸው ከሥራ ዘግይተው ሲገቡ ልጆቹ አይጨነቁም ነበር፤ ልጆቹ ሲዘገዩ ግን አባትየው የሰፈሩን መንገድ በእግራቸው ይጨርሱታል። አንድ ጊዜ የልጆቹን ትምህርት ቤት አጥር በመዶሻ ሲያንኳኩ ጥበቃው ይዟቸው ዳይሬክተሯ ዘንድ አቀረባቸው። አጥሩ ዘንበል ብሏል፣ ልጆች እንዳይጠጉት ብለው ለመኑ። አጥሩ እስከ ዛሬ አልወደቀም። ልጆቻቸው ይህን እያነሱ ሲስቁባቸው «እሰይ፣ እንኳን ተሳሳትኩ» ይሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። እነዚያን አምስት ሰዎች ከዓይናቸው አያርቁም። አንዱ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚቀድማቸው የለም። የአንዱ ልጅ ሲዳር ወንበር ሲያመላልሱ ይውላሉ። የመብራት ሠራተኛውና አናጺው በየጊዜያቸው በሕመም ሲያርፉ እንደ ወንድም አለቀሱላቸው። ሰዎቹ ጋሽ ቆይ ሰው ወዳድ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። እውነትም ነበሩ፤ ግን ያ ብቻ አልነበረም።

እኔ ከእርሳቸው ጋር መሥራት የጀመርኩት አርባ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ነው። ክሬን ላይ የተቀመጠ ሰው መሬት ላይ ያለው ነገር ሁሉ አይታየውም፤ የሚያየው የአሳሪውን እጅ ነው። እኔም የጋሽ ቆይን እጅ ከእናቴ ፊት ይልቅ አውቀዋለሁ። በአራተኛው ዓመት፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ስንገጣጥም፣ አሁን የምናገረው ነገር ሆነ።

ሥራው ዘግይቶ ነበር። ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ስልኩ በየሰዓቱ ይጮህ ነበር። አንድ ጠዋት ጋሽ ቆይ የአንዱን ፓኔል የማንሻ ብረት አንኳኩና ድምፁ ዶፍ ብሏል፣ አይነሳም አሉ። ኢንጂነሩ ተከራከረ። እርሳቸውም ጓንታቸውን አውልቀው መኪናው ላይ ባለው ፓኔል ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ከፋብሪካው ባለሙያዎች መሳቢያ መሣሪያ ይዘው እስኪመጡ ድረስ አራት ሰዓት ሙሉ አልወረዱም። ባለሙያዎቹ ብረቱን ሊሸከም ከሚገባው በላይ ጎተቱት። ፍንክች አላለም።

ጋሽ ቆይ ተሳስተው ነበር። ወርደው ኢንጂነሩን ይቅርታ ጠየቁ። ከሠራተኞቹ መካከል «ጋሽ ቆይ፣ ዛሬስ አቆዩን» ያለ ነበር፤ ሁሉም ሳቀ። እኔም ክሬኑ ውስጥ ሆኜ ፈገግ ማለቴን አልክድም።

በማግስቱ ሁለት ፓኔሎች በሰላም ቆሙ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ። መዶሻውን ይዘው ቀጥ ብለው ቀሩ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ድምፁ ያው የትናንቱ ድምፅ ነበር። ትናንት በዚህ ድምፅ ተሳስተዋል፤ ዛሬ ቢናገሩ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ባይናገሩ ማንም አያውቅም። አንድ ጊዜ ዝም ብለው ያውቃሉ። ጆሯቸው ነው ወይስ ፍርሃታቸው የሚሰማው፣ ያንንም መለየት አቃታቸው።

ወደ ኢንጂነሩ ሄዱ። ኢንጂነሩ ገና ሲያያቸው «ጋሼ፣ ዛሬም?» አለ።

«ዛሬም» አሉ። «ትናንት ተሳስቻለሁ። ዛሬም ልሳሳት እችላለሁ። በዚህ ድምፅ ግን ሰው ከሥሩ አላሳልፍም።»

ኢንጂነሩ ባለሙያ መጥራት ዳግመኛ እንደማይችል፣ እርሳቸው ካልሠሩ ሌላ አሳሪ እንደሚያሠራ ነገራቸው። ጋሽ ቆይ አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ ፓኔሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል፤ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆይ፤ ሰው ሁሉ ከፓኔሉ ቁመት በላይ ይራቅ። ከያዘ የራስ ቁራቸውን አስረክበው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ኢንጂነሩ ተስማማ።

ሰው ሁሉ ከራቀ በኋላ ፓኔሉን ከመኪናው አጠገብ ወዳለው ክፍት ቦታ ስንዝር ስንዝር እያልን አወረድነው። ከዚያ በምልክታቸው አነሳሁት። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ግርጌው ከመሬት ለቀቀ። ጋሽ ቆይ እጃቸውን ዘርግተው አቆሙኝ፤ መጠበቅ ጀመርን።

እንደዚያ ያለ ረጅም ጊዜ አላውቅም። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ምንም። ሰባት፤ ምንም። ከሠራተኞቹ አንዱ ማፏጨት ጀመረ። ጋሽ ቆይ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው፤ ላብ በአገጫቸው ይንጠባጠባል። እኔ የክብደት መለኪያውን አያለሁ፣ እጃቸውን አያለሁ፣ መልሼ መለኪያውን አያለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ፓኔሉ እንዲወድቅ ተመኘሁ። የእኚህን ሰው ውርደት ሁለተኛ ቀን ከማየው ብዬ ነው። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ኢንጂነሩ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማን። ከሁለቱ የማንሻ ብረቶች ያ ዶፍ ያለው ሳሕን የሚያህል ኮንክሪት ይዞ ከፓኔሉ ተነቅሎ ወጣ። አንዱ ጥግ መሬቱን መታ፤ ክብደቱ ሁሉ በቀሪው ሰንሰለት ላይ ሲያርፍ ክሬኑ ከእነ እኔ ዘለለ። ሰዎች ጮኹ። የጋሽ ቆይ እጅ ግን አልጮኸም። መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ መሩኝ። አወረድኩት። በቀኑ ዕቅድ መሠረት ያ ፓኔል ሊያልፍ የነበረው ስድስት አናጺዎች ከሚሠሩበት መተላለፊያ በላይ ነበር።

ማንም አላጨበጨበም። ኢንጂነሩ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ቆይ ከመኪናው ኋላ ሲሄዱ አይቼ ከክሬኑ ወርጄ ተከተልኳቸው፤ ሲያስመልሳቸው አገኘኋቸው። ውኃ ሰጠኋቸው። አፋቸውን ተጉመጥምጠው «አምስት ደቂቃ ልል ነበር እኮ» አሉኝ። «አምስት ደቂቃ ይበቃል ልል ነበር። አፌ ላይ ነበር።»

ስለነዚያ አምስት ሰዎች የነገሩኝ በዚያች ሰዓት ነው። ከባለቤታቸው ቀጥሎ የሰማሁ ሁለተኛው ሰው እኔ ነበርኩ። ሄደው እንዲነግሯቸው መከርኳቸው። አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥተው አሰቡበት፤ በመጨረሻ ውሰደኝ አሉኝ።

በሕይወት የነበሩት ሦስቱ በለሳኙ ቤት ተሰበሰቡ። ጋሽ ቆይ ሳይቀመጡ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። «አንዱ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ተቀምጣችሁ እያየሁም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ለሳኙ በዚያ ቀን እንሂድ ያሉት እርሳቸው እንደነበሩ፣ ምክንያቱም ጥላው ዞሮ ፀሐይ ፊታቸውን ስለመታቸው ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። አቅፈው ሳሟቸው። ከፌራዮዎቹ አንዱም ይቅር አሏቸው። ሌላኛው ፌራዮ ግን ተነስተው ቆሙ።

«ግድግዳውን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «ግን ሃያ ስድስት ዓመት ቤቴ ስትመላለስ ስለ እኔ መስሎኝ ነበር።» ይህን ብለው ወጡ።

ጋሽ ቆይ ከዚያ በኋላ እኚያን ሰው ሊጠይቁ ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስቱንም ጊዜ በሩ ሳይከፈትላቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ከፓኔሉ ቀን ይልቅ ይህ እንደጎዳቸው እናውቃለን።

በዓመቱ ትልቋን ልጃቸውን እንዳገባ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ክሬን ላይ ሆነህ ስልክ ታነሳለህ ወይ አሉኝ። አላነሳም አልኩ። ይህንን ግን አራት ዓመት በዓይናቸው ሲያዩ ኖረዋል።

ጋሽ ቆይ እስከ ስድሳ ዓመታቸው ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላም በየግንባታው እየተጠሩ አዳዲስ አሳሪዎችን በባልዲ አስተምረዋል። በቤት ውስጥ ግን ጭንቀታቸው ጡረታ አልወጣም። የልጅ ልጆቻቸው ሶፋ ላይ ሲዘሉ እርሳቸው ወለል ላይ ትራስ ያነጥፉ ነበር። ባለቤታቸው ሲቆጧቸው «ይዝለሉ፤ እኔ ለመውደቂያው ነኝ» ይሉ ነበር።

በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ለረጅም ዘመን የገባባቸው አቧራ ሳንባቸውን እንደጎዳው በሐኪም ታወቀ። ሁለት ዓመት ታከሙ። በመጨረሻዎቹ ወራት በአልጋ ላይ ሳሉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያኔ አኩርፈው የወጡት ፌራዮ በራቸውን አንኳኩ። ገብተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። «እኔ የመጣሁት ጥፋት ኖሮብኝ አይደለም» አሏቸው። «ስለ አንተ ነው የመጣሁት።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳያቋርጡ ተመላልሰዋል፤ ዛሬም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይገኛሉ።

ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ቆይ ቀለል ብሏቸው ነቁ። ባለቤታቸው እንደ ወትሮው ምን ያሳስብሃል ብለው ጠየቋቸው። ለአርባ ሦስት ዓመት ለዚህ ጥያቄ መልስ ጠፍቶ አያውቅም፤ የልጁ መንገድ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የጎረቤቱ መሰላል። ያን ቀን ግን ጋሽ ቆይ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «ምንም የለም» አሉ። ባለቤታቸው ከክፍሉ ወጥተው ልጆቹን ሁሉ በስልክ ጠሩ። ስልኩ ላይ የነገሩን «አባታችሁ ምንም አያሳስበኝም አለ፤ ቶሎ ኑ» ብለው ነው። ሥራችንን ጥለን ሮጥን። ሁላችንም ደረስን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

ጋሽ ቆይ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት አማቾቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና በእጃቸው ምልክት ሠርተው በሰላም ወደ ቤታቸው የገቡ፣ ቁጥራቸውን የማናውቃቸውን ሠራተኞች ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ላስታመማችሁ፣ በሐዘናችንም ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ለሰው ሁሉ ሲሳሱ የኖሩትን አባታችንን ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበላቸው። ነፍሳቸውን ስጋት በማይደርስበት ቦታ ያኑርልን፤ እኛንም በያለንበት ይጠብቀን። አሜን።